ስልሳ ነው ሰላሳ? የደንበኛ ቮይስን ወደ ጽሑፍ የመቀየር ሥራ፣ ደሴ

ኅዳር 3

ሁለት መስኮት ተበላሸብን። ይህን ማስታወሻ የጀመርኩት ለዚያ ነው።

ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ትንሽ የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለን። እኔ፣ ታላቅ ወንድሜና ሁለት በያጆች ነን። በር፣ መስኮት፣ የአጥር በር፣ የደረጃ መደገፊያ እንሠራለን። ድሮ ደንበኛ በአካል መጥቶ ልኬቱን ሰጥቶ ቀብድ ከፍሎ ነበር የሚሄደው። አሁን አብዛኛው ትዕዛዝ በቴሌግራም ቮይስ ይመጣል። ሰውየው ኩታበር ወይ ሐይቅ ቤቱ ውስጥ ቆሞ፣ ሜትሩን ዘርግቶ፣ እየለካ ያወራል። "ይቺ የሳሎኗ ናት፣ አንድ ከስልሳ በአንድ ከሃያ፣ ቆይ... አዎ ልክ ነው፣ የጓዳዋ ደግሞ..." ከጀርባ ዶሮ ይጮሃል። ሦስት ደቂቃ፣ አራት ደቂቃ።

ቀን ላይ ይህን ማዳመጥ አይቻልም። ግራይንደር እየጮኸ ማን ይሰማል? ማታ ደግሞ ሠላሳ ቮይስ ተከምሮ ይጠብቃል። ስለዚህ ባለፈው ወር ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር አፕ ስልኬ ላይ ጫንኩ። ስሙን ልተወው። ቮይሱን እሰጠዋለሁ፣ ይጽፋል፣ እኔ ለወንድሜ አሳየዋለሁ፣ እሱ ይቆርጣል። ሦስት ሳምንት ያለችግር ሄደ።

ከዚያ የኮምቦልቻዋ ደንበኛ መጣች። እሷ "አንድ ከስልሳ" ብላለች። አፑ "አንድ ከሰላሳ" ብሎ ጻፈ። ሁለት መስኮት በአይሱዙ ተጭኖ፣ ሐረጎን ወርዶ፣ ኮምቦልቻ ሲደርስ 30 ሳንቲም አጠረ። ገጣሚው ልጅ ፎቶ ላከልኝ፤ መስኮቱ ቦታው ላይ ተደግፎ፣ በጎን በኩል እሱ ክንዱን እስከ ትከሻው አስገብቶ እየሳቀ።

ወንድሜ አልሳቀም።

የጠፋው ሂሳብ፦ ኤል ቲ ዜድ የሚባለው የመስኮት ብረትና ማጠፊያ 9,400 ብር፣ መኪና ደርሶ መልስ 2,200 ብር፣ የሁለት ቀን ሥራ። ደንበኛዋ ግን ጨዋ ናት። "አብሽር፣ ይሠራል" አለችኝ። እኔ ነኝ ማጽናናት የነበረብኝ።

ማታ ቮይሱን ደግሜ ሰማሁት። በጆሮ ማዳመጫ ስልሳ ነው፣ ጥርት ያለ። በስልኩ ስፒከር ግን እኔም አመነታሁ። ስልሳ፣ ሰላሳ። ተነባቢዎቹ አንድ ናቸው፣ ልዩነቱ አናባቢው ላይ ብቻ ነው። ሰው ቶሎ ሲናገር እሱም ይዋጣል።

ኅዳር 5

አሜሪካ ላለችው የአክስቴ ልጅ ነገርኳት። እዚያ ሰው ስልክ ካላነሳ መልእክት ትቶ ይዘጋል፣ ስልኩም መልእክቱን ጽፎ ያሳያል። አይፎን ላይ ይህ ነገር ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። እኛ ዘንድ ሰው ካላነሳህ መልሶ መላልሶ ይደውላል እንጂ ለማሽን አያወራም። "የእኔ ስልክማ ለእንግሊዝኛ ነው የተሠራው" አለች። እናቷ በአማርኛ "ሰላም ነሽ ወይ" ብላ ትታላት ስልኳ "ሳላሚ ናሽቪል" ብሎ ጽፎላታል። አንድ ሳምንት ሙሉ የቋሊማ ማስታወቂያ መስሏት አልከፈተችውም።

እንግዲህ ከዚያ በኩል መፍትሔ የለም። ቴሌግራም ራሱ ለፕሪሚየም ተጠቃሚ ቮይስን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ቁልፍ አለው፣ ላልከፈለ በሳምንት ጥቂት ብቻ ይፈቅዳል። ለእኔ በቀን 30 ለሚደርሰኝ አይሆንም።

ኅዳር 9

የድሃ ዘዴ ሞከርኩ። ሁለት ስልክ።

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 ነው አማርኛን በድምፅ መጻፍ ውስጥ ያስገባው። ጂቦርድ በሚባለው የጉግል ኪቦርድ ላይ ማይኳን ነክተህ ታወራለህ፣ ይጽፋል። እኔ ስናገር ጥሩ ይጽፋል። ታዲያ እኔ ሳልሆን ደንበኛው ቢናገርስ? በአንድ ስልክ ሁለቱን ማድረግ አይቻልም፤ ማይኳን ስነካ የሚጫወተው ድምፅ ይቆማል። ስለዚህ አሮጌውን ስልክ ቮይሱን እንዲያጫውት፣ አዲሱን እንዲጽፍ አደረግኩ። ፊት ለፊት አስተያይቼ፣ የካርቶን ሳጥን ውስጥ ከትቼ፣ በጃኬት ሸፍኜ። ጃኬቱ ለጫጫታው ነው፣ ለብርዱ እኔም ያስፈልገኝ ነበር። ደሴ በኅዳር ማታ ጃኬት አውልቆ መቀመጥ ቀልድ አይደለም።

ውጤቱ ከጠበቅኩት በላይ ነው። ግን ሰውየው ትንፋሽ ሊወስድ ሲያቆም ማይኳም ትቆማለች። "ቆይ ልለካው" ብሎ አሥር ሰከንድ ዝም ካለ አለቀ፣ ከዚያ በኋላ ያለው አይጻፍም። ሳጥኑ አጠገብ ቁጭ ብዬ መጠበቅ አለብኝ። ቁጭ ብዬ ከጠበቅኩማ ራሴ ብሰማው አይሻልም?

ዘዴው ተጣለ። ሳጥኑን ለኤሌክትሮድ ማስቀመጫ አደረግነው።

ኅዳር 16

ላፕቶፑን አወጣሁ። 8 ጊጋ ራም፣ ግራፊክስ ካርድ የለውም፣ ባትሪው 40 ደቂቃ ይይዛል። ኡቡንቱ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ጫንኩበት።

ያሰብኩት ይህን ነው። ቴሌግራም ላይ ቦት፣ ማለትም ራሱ መልእክት ተቀብሎ የሚመልስ ፕሮግራም፣ እሠራለሁ። የደንበኛን ቮይስ ለቦቱ ፎርዋርድ አደርጋለሁ። ቦቱ ላፕቶፑ ላይ ይቀይረውና ጽሑፉን ይመልስልኛል። ቦቱን መክፈት ቀላል ነው፤ ቦትፋዘር የሚባለውን አናግረህ ስም ትሰጣለህ፣ ቶከን የሚባል የምስጢር ቁልፍ ትቀበላለህ። ቦት እስከ 20 ሜጋባይት ፋይል ማውረድ ይችላል፣ ቮይስ ደግሞ ትንሽ ስለሆነ በቂ ነው። ፋይሉ የሚመጣው ኦፐስ በሚባል የድምፅ ፎርማት ተጨምቆ ነው። ድምፅ ሰምተው የሚጽፉት የሠለጠኑ ፕሮግራሞች፣ ሞዴል የሚባሉት፣ የሚፈልጉት በሰከንድ 16,000 ናሙና ያለው፣ ባለ አንድ ቻናል ድምፅ ነው። ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባል ፕሮግራም በአንድ መስመር ትእዛዝ ይቀይረዋል። ይህን ያህሉን በአንድ ማታ ጨረስኩ፤ ኩራቴ ሰማይ ነካ።

ሁለተኛው ማታ ኩራቴ ወረደ። ያወረድኩት ነፃ ሞዴል የአንዱን ቮይስ ውጤት እንዲህ ሰጠኝ፦ "አመሰግናለሁ አመሰግናለሁ አመሰግናለሁ አመሰግናለሁ"። ሰውየው አንድም ጊዜ አላመሰገነም። ስለ አጥር በር ነው የሚያወራው፣ መሀል ላይ 20 ሰከንድ ዝም ብሎ ሲለካ ማሽኑ ዝምታውን በምስጋና ሞላው።

ለምን እንደሆነ አነበብኩ። ለምሳሌ ዊስፐር የሚባለው ሞዴል እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ 680,000 ሰዓት ድምፅ ሰምቶ ነው። ከዚያ ውስጥ ከእንግሊዝኛ ውጭ ያሉት 96 ቋንቋዎች በየራሳቸው ጽሑፍ የተሰጡት 117,000 ሰዓት ብቻ ነው። አማርኛ ከዚያ ላይ የደረሰው ፍርፋሪ ነው። በዚያ ላይ ድምፁን በ30 በ30 ሰከንድ ቆርጦ ነው የሚያየው፤ ባዶ ቁራጭ ሲደርሰው የሆነ ነገር መጻፍ ይወዳል። ብዙ የዚህ ዓይነት ሞዴሎች ይህ ጠባይ አላቸው።

ዝምታውን አስቀድሞ ቆርጦ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም ጨመርኩ። ምስጋናው ቆመ። ስህተቱ አልቆመም።

ኅዳር 24

ሌላ ነፃ ሞዴል። ይህኛው ከሺህ በላይ ቋንቋ ይችላል፤ የሠለጠነው በብዛት ከመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ነው። የፊደል አያያዙ ከመጀመሪያው በጣም ይሻላል፣ አማርኛ እንደሆነ ታያለህ። ችግሩ ወርክሾፕ ገብቶ አያውቅም። ጥቂት ናሙና፦

"ባለ አንድ ሚሊ ላሜራ" የሚለው "ባላንድ ሚሊ ላም መራ" ሆነ።

"ቱቦላሬ"፣ ውስጡ ክፍት የሆነው የብረት ቱቦ፣ በአምስት ቮይስ አምስት ዓይነት ተጻፈ። ከሁሉም የወደድኩት "ጡብ አላሬ" ነው።

"ኢንሻአላህ ሐሙስ እንወስዳለን" የሚለው "እንሽላሊት ሐሙስ እንወስዳለን"።

ይህን የመጨረሻውን ለበያጆቹ አነበብኩላቸው። ከዚያ ወዲህ ወርክሾፑ ውስጥ ቀጠሮ የሚሰጥ ሰው ሁሉ "እንሽላሊት" ነው የሚለው። ወሎ ውስጥ ኢንሻአላህ የማይልበት የትዕዛዝ ቮይስ የለም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ይላል። ስለዚህ ማሽኑ በየቮይሱ አንድ እንሽላሊት ያስገባልኛል።

ታኅሣሥ 2

በስሜት መፍረድ ይብቃ ብዬ ፈተና አዘጋጀሁ። 40 የድሮ ቮይስ መረጥኩ። በእያንዳንዱ ውስጥ ያሉትን ልኬቶች ራሴ በጆሮ ማዳመጫ ሰምቼ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ከዚያ ሦስቱንም መንገድ ፈተንኩ። የምቆጥረው የተሳሳተ ቃል አይደለም። "ሁሉም ልኬት ልክ ነው ወይስ አይደለም" ብቻ። አንድ ቁጥር ከተሳሳተ ቮይሱ ወደቀ።

የመጀመሪያው አፕ 40 ውስጥ 23 አለፈ። የምስጋናው ሞዴል 6። የእንሽላሊቱ 15።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ገባኝ። አፑ ሲታይ ጽሑፉ ያማረ ነው፣ ነጥቡ ሁሉ በቦታው ነው፣ ለዚህ ነው ያመንኩት። የእንሽላሊቱ ሞዴል ግን አስቀያሚ ስለሚጽፍ ማንም አያምነውም። መስኮቱን ያሳጠረው ቆንጆው ነው።

የስህተቶቹ ዝርዝር፦ ሰላሳና ስልሳ ብዙውን ይይዛል። ቀጥሎ "ከ" ናት። ሰው "ሁለት ከአስር" አይልም፣ "ሁለት ካስር" ነው የሚለው፣ ሁለት ሜትር ከአሥር ሳንቲም ማለቱ ነው። ማሽኑ "ሁለት አስር" ይላል፣ አንዴም "ሁለት ካሳ" ብሏል። ሌላው "ተኩል" ነው፣ "አንድ ተኩል" ሲባል ተኩሏ ትጠፋለች። በር አንድ ሜትር ብቻ ቢሆን ማን ይገባበታል?

ታኅሣሥ 4

ዛሬ ፍለጋ ላይ ሠራሁ። ጽሑፎቹን አንድ ቦታ አስቀምጬ የአንድ ደንበኛችንን ትዕዛዝ "የሐጂ የአጥር በር" ብዬ ብፈልግ ምንም የለም። ማሽኑ "ሀጂ" ብሎ ጽፎታል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ። ሰና ሠ። አና ዐ። ጸና ፀ። እኛ ስናነብ ልዩነቱን አናይም፣ ኮምፒውተር ግን የተለያየ ፊደል ነው የሚያየው። ሁሉንም ወደ አንድ የሚቀይር አጭር የፓይተን ኮድ ጻፍኩ፣ ለፍለጋ ብቻ፣ የሚታየው ጽሑፍ እንደነበረ ይቆያል። እስከ ሰባተኛው ፊደል ሁሉንም መዘርዘር ነበረብኝ፤ ሃ፣ ሓ እና ኃ ላይ ተሳስቼ አንድ ሰዓት ጠፋ።

ከሁሉ የጠቀመኝ ሥራ ይህ ሆነ። ቮይስ የት እንዳለ ለማግኘት ወደ ላይ ስክሮል ማድረግ ቀረ።

ታኅሣሥ 9

አጭር። ቀጠሮን ከጽሑፉ አውጥቶ ስልክ ካላንደር ላይ የሚያስገባ ነገር ጨመርኩ። "ነገ ሦስት ሰዓት እመጣለሁ" የሚለውን 3:00 ብሎ አስገባ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አላርሙ ቤቱን ሁሉ ቀሰቀሰ። ስድስት ሰዓት መደመር እንዳለበት ለማሽን የነገረው የለም። አወጣሁት። ቀጠሮ በደብተር ይቀጥላል።

ታኅሣሥ 15

የእንሽላሊቱን ሞዴል በራሳችን ድምፅ ለማሠልጠን ሞከርኩ። የእህቴ ልጅ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ጨርሳ ቤት ናት። በቮይስ 10 ብር ተስማምተን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማች ጻፈችልኝ። 310 አጫጭር ቁራጭ፣ አንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ። 3,100 ብር ከፈልኩ። መጀመሪያ "ቱቦላሬ ምንድነው?" አለችኝ፤ አውጥቼ አሳየኋት። ማሽኑስ ማን አሳይቶት ያውቃል?

ድምፁን ከመጫኔ በፊት ስም የሚጠራባቸውን ቆርጬ አወጣሁ። ሰው ለእኔ ነው ያወራው፣ ለሌላ አገር ኮምፒውተር አይደለም። ልኬትና የብረት ዓይነት ብቻ ቀረ።

ማሠልጠኛው ጉግል ኮላብ ነው፣ በነፃ የግራፊክስ ካርድ ያውሳል። ሁለት ጊዜ መሀል ላይ ተቋረጠብኝ። አንዴ መብራት ሄዶ፣ አንዴ የሞባይል ዳታዬ አልቆ። ሦስተኛው ላይ በየ100 እርምጃው እንዲያስቀምጥ አደረግኩና ሌሊቱን ተኛሁ።

ጠዋት ፈተናውን ደገምኩ። ለፈተና የተመረጡት 40ዎቹ ማሠልጠኛው ውስጥ አልገቡም፣ ይህን በጣም ተጠንቅቄያለሁ። 27 አለፈ። ቱቦላሬ ሁልጊዜ ቱቦላሬ ሆነ። ላሜራ ላሜራ። እንሽላሊቱ ጠፋ፣ በያጆቹ አዘኑ።

ሰላሳና ስልሳ ግን አሁንም። ከወደቁት 13 ውስጥ 8ቱ እነሱ ናቸው።

ታኅሣሥ 22

ለገና ሥራ በዝቶ ምንም አልነካሁም። ቦቱ ይሠራል፣ ወንድሜ ግን አይቶት አያውቅም። "ጽሑፍህን እዚያው" ይለኛል። መስኮቱን አልረሳውም።

ታኅሣሥ 27

ማሽኑ ካልተማረ ደንበኛው ይማር አልኩ። ቦቱ ለደንበኛ የሚላክ መልእክት አዘጋጀ፦ "እባክዎ ልኬቱን በነጠላ ቁጥር ይናገሩ፣ ለምሳሌ አንድ፣ ነጥብ፣ ስድስት፣ ዜሮ።"

ከ11 ሰው 2 ብቻ እንደዚያ አደረጉ። ሁለቱም መሃንዲስ ናቸው። ሐጂ በቮይስ መለሱልኝ፣ እንዳለ ልጻፈው፦ "ልጄ፣ እኔ በሜትር ነው የለካሁት፣ የስልክ ቁጥር አይደለም የምነግርህ።"

መልእክቱን አጠፋሁት።

ጥር 6

ይህኛው ያዘ።

ጽሑፉ ልኬቱን ይነግረኛል የሚለውን ሐሳብ ተውኩት። ጽሑፉ ልኬቱ የት ጋ እንዳለ ይንገረኝ፣ የቀረውን ጆሮ ይሥራ። ሞዴሉ እያንዳንዱ ቃል በስንተኛው ሰከንድ ላይ እንደተባለ ማውጣት ይችላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ የቁጥር ቃላትን ይፈልጋል፦ ከአንድ እስከ መቶ ያሉትን፣ ተኩልን፣ ሜትርን፣ ሳንቲምን። ሲያገኝ ከፊቱ ሁለት ሰከንድ፣ ከኋላው ሁለት ሰከንድ ይዞ ይቆርጣል። ቦቱ የሚመልሰው እንግዲህ ሁለት ነገር ነው፤ ጽሑፉ፣ ከሥሩ ደግሞ እንደ ዶቃ የተደረደሩ አጫጭር ድምፆች። የአራት ደቂቃ ቮይስ ወደ 25 ሰከንድ ይወርዳል።

መጀመሪያ ላይ ብዙ ቆረጠ። "አንድ ነገር ልንገርህ" የሚለውም "አንድ" ስላለበት ይመጣል፣ "ሁለታችንም ደህና ነን"ም እንደዚሁ። በአካባቢው ሌላ ቁጥር ወይም "በ" ወይም "ከ" ከሌለ እንዲተወው አደረግኩ። አሁንም አንዳንዴ የሰው ልጅ ዕድሜ ይዞልኝ ይመጣል፣ ችግር የለውም።

ጆሮ ማዳመጫ ገዛሁ፣ ጆሮን ሙሉ የሚሸፍን፣ 1,350 ብር። ወንድሜ ጠዋት ግራይንደር ሳይነሳ ቁራጮቹን ይሰማና ልኬቱን በጠመኔ ላሜራው ላይ ይጽፋል። ከዚያ ስልሳ ወይ ሰላሳ ያለበትን ብቻ ደውሎ ይጠይቃል። የሚጠይቅበት መንገድ ደግሞ የራሱ ነው፣ ማንም አልነገረውም፦ "ስልሳ ነው አይደል፣ ከሃምሳ ቀጥሎ ያለው?" ሰው ሁሉ ወዲያው ይገባዋል። ሐጂም ሳይቀሩ "አዎ፣ ከሃምሳ ቀጥሎ ያለው" አሉ።

እኔ ሁለት ወር በኮድ የፈለግኩትን እሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው። ይህን ለእሱ አልነገርኩትም።

ጥር 15

እስካሁን የወጣ፦ ለጽሑፍ 3,100፣ ጆሮ ማዳመጫ 1,350፣ ዳታ ወደ 1,800። ከተበላሹት መስኮቶች ጋር ሲደመር ወደ 18,000 ብር። ከኅዳር ወዲህ በልኬት የተበላሸ ሥራ የለም።

ያልተፈታ፦ ላፕቶፑ ቀርፋፋ ነው፣ የአንድ ደቂቃ ቮይስ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። መብራት ሲጠፋ ቦቱ ይተኛል፣ ሲመጣ እንዲነሳ አደረግኩት ግን ያመለጡትን ሁለቴ ያነባቸዋል። ከከሚሴ በኩል ኦሮምኛ እየቀላቀሉ የሚልኩ ደንበኞች አሉ፣ እዚያ ላይ ማሽኑ ያብዳል። ለእነሱ አንደኛው በያጅ አለ፣ ሁለቱንም ይሰማል።

ሁለቱ መስኮቶች አሁንም ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። 1.30 በ1.20፣ ኤል ቲ ዜድ፣ አንቲረስት ተቀብቷል፣ በቅናሽ። ቻናላችን ላይ ለጥፌያቸው ትናንት አንድ ሰው ከሐይቅ ቮይስ ላከ። ቦቱ ጻፈው፦ "የምፈልገው አንድ ከሰላሳ በአንድ ከሃያ ነው፣ ካለህ ዛሬ እወስዳለሁ።"

ደስ ብሎኝ ቁራጩን ከፈትኩት።

ስልሳ ነው የሚለው።